ለሁለት ጌታ የገበረች ገበያ፦ መተማ፣ የምዕራብ ጎንደር ቆላና የወሰኑ መስመር

መተማ በኢትዮጵያ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የምትኖረው ሁለት ቀን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሱዳኑ ድርቡሽ ጋር ገጥመው ቆሰሉ፤ በማግስቱ ዐረፉ፤ ትረካውም የዘውዱን ጉዳይ አንሥቶ ወደ ትግራይና ወደ ሸዋ ይመለሳል። ከዚያ በፊት በከተማዋ ማን ይኖር ነበር፣ ከዚያስ ወዲያ ነዋሪዎቿ ምን ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሱዳን በኩል የሚጻፈውም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ በዚያ ወገን ገላባት የምትባለው ይህችው ከተማ በድርቡሹ ገዥ በኸሊፋ አብዱላሂ ዘመን የምሥራቅ ጦር ሰፈር፣ በእንግሊዝ ዘመን የጉምሩክ ጣቢያ ሆና ትጠቀስና ትታለፋለች። አንዱ ትረካ ከደጋ ቁልቁል፣ ሌላው ከኡምዱርማን ወደ ምሥራቅ ያያታል፤ ቦታው ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚመለከት የለም።

የዚህ ዳሰሳ ሙግት የሚከተለው ነው። በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው የወሰን ውል የከፈለው ለሁለት ጌታ እየገበረች የኖረችን አንዲት ገበያ ነበር። ደገኛውንና የሜዳውን ሰው ለይቶ ያኖረው እውነተኛው ወሰን ግን ከውሉ በፊትም የነበረ፣ ከውሉ በኋላም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የቆየ ነው፤ እሱም ሙቀቱ፣ ጥቁር አፈሩና ንዳዱ። ያ አጥር የፈረሰው በዲፕሎማቶች እጅ አይደለም፤ በትራክተር፣ በመድኃኒትና በሰሊጥ ዋጋ ነው። በዘመናችን በወሰኑ ላይ የሚነሣው ግጭት ከዚህ የአጥር መፍረስ ተነጥሎ ሲተነተን የካርታ ክርክር ብቻ ይሆናል፤ የካርታ ክርክር ደግሞ በሁለቱም ወገን ማስረጃ አያጣም።

መሬቱን እንይ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአዘዞ አድርጎ አይከልን ያለፈ ተጓዥ ወደ ነጋዴ ባሕር፣ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ ኮኪት በወረደ ቁጥር ጤፉና ገብሱ ለማሽላ፣ ለጥጥና ለሰሊጥ ቦታ ሲለቁ ያያል፤ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ግራርና የዕጣን ዛፍ ይበዛል። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት እግርና ጎማ ይይዛል፣ በበጋ ደርቆ ክንድ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ይቆማል። ወንዞቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ነው፤ ጓንግ ወሰኑን ሲሻገር አትባራ ይባላል፣ ሽንፋ ራሃድ ይሆናል፣ አይማ ዲንደር፣ በስተሰሜንም ተከዜ ሰቲት። የገዳሪፍና የሰናር ሜዳ አፈርና ውኃ የሚያገኘው ከዚህ ቁልቁለት ነው። በቋራ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክና ከማዶው ያለው የሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ወሰን ለወሰን ስለተያያዙ የዱር እንስሳቱም፣ የፈላታ ከብት አርቢዎችም በጋ ከክረምት ውኃና ሣር ተከትለው ይመላለሳሉ።

የጎንደር ነገሥታት ይህን ምድር፣ መዘጋ ሲሉ የሚጠሩትን፣ ያውቁት ነበር፤ የሚያውቁት ግን የበጋ ሰው እንደሚያውቀው ነው። ዝሆን ለማደን፣ ግብር ለማስገባት፣ ከሰናር ጋር ለመዋጋት ወርደው ዝናብ ሳይጥል ይወጣሉ። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በሰናር ላይ ዘምተው ሠራዊታቸው በዲንደር አካባቢ ተሸነፈ፤ ይዘውት የሄዱት የክርስቶስ የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል እንኳ ተማርኮ በወርቅ ተቤዥቶ ነው የተመለሰው። ሽንፈቱ የሰናርን ፈረሰኛ ብርታት ያሳያል፤ ደገኛ ሠራዊት ከዚያ አፈርና ከዚያ አየር ጋር ያለውን ዝምድናም ያሳያል። ንዳድ የሚፈራው ደገኛ ቆላውን የሚያስተዳድረው በቆለኛ ሹም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር ሳለ የዚህ ጠረፍ፣ የራስ ኤል ፊል፣ ገዥነት ለስሙ ሲሰጠው ቦታውን በተግባር የያዘለት ያሲን የተባለ ሙስሊም እንደራሴ ነው። ብሩስ ነገሩን እንደ ግል ክብር ይተርከዋል። እኔ የማነብበው ግን እንደ አስተዳደር ዘዴ ነው፤ ማዕከሉ ስሙን ይሰጣል፣ ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱን የለመደው ሰው ነው።

ይህ ዘዴ ሙሉ መልኩን ያገኘው በተክሩሪዎች ዘመን ነው። ተክሩሪዎች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው የምዕራብ አፍሪካ ምድር ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ ያረፉ ሐጃጆች ናቸው፤ ቦታው ለማረፊያ ሲመቻቸው ከኢትዮጵያ ንጉሥ ፈቃድ ጠይቀው ሰፈሩ። ጥጥ ዘሩ፣ ማር ሰበሰቡ፣ በራሳቸው ሼህ ተዳደሩ። ከጎንደር አዲስ ዓለም የወረዱ የጀበርቲ ነጋዴዎች ቡና፣ ሰምና ቆዳ ያመጣሉ፤ ከሜዳው ዐረቦች ጥጥ ይመጣል፤ በቅሎና የዝሆን ጥርስ ይለዋወጣል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ሼህ ጁማ የሚገዟትን የሣር ጎጆ ከተማና የተጨናነቀ ገበያዋን አይቶ ጽፏል።

የተክሩሪ ሼሆች ለኢትዮጵያም፣ ሱዳንን ለያዘው ለግብፅ መንግሥትም ይገብሩ ነበር። በብሔራዊ ታሪክ አጻጻፍ የዚህ ሐቅ ዕጣ ፈንታ ያሳዝናል። የኛ ጸሐፊዎች ለጎንደር የተከፈለውን ግብር ያነሣሉ፣ ለማዶው የተከፈለውን ይተዋሉ፤ የማዶዎቹ ደግሞ ይህንኑ ገልብጠው ይሠራሉ። ግማሽ ሰነድ ይዞ ሙሉ ባለቤትነት መጠየቅ ይህ ነው። ለሼሁ ግን ድርብ ግብር የጥገኝነት ምልክት አልነበረም፤ የገበያው የኢንሹራንስ ክፍያ ነበር። ከደጋ የሚመጣው ነጋዴ በሰላም እንዲወርድ ለደጋው፣ ግመሉ በሰላም እንዲገባ ለሜዳው ይከፈላል። ሁለቱም መንግሥታት ከአንዱ ሙሉ ይዞታ ይልቅ ከሁለቱ ግማሽ ገቢ ይበልጥ ተጠቅመዋል ማለት ይቻላል።

ገበያዋን ግን ማሞገስ አይገባም። ባሪያ ከዋነኞቹ ሸቀጦቿ አንዱ ነበር። ከኦሮሞ አገርና ከጉሙዝ ምድር የተነጠቁ ልጆች በዚህ በር ወጥተዋል፤ ቤከርም ለሽያጭ የተቀመጡ ልጃገረዶችን አይቷል። የባሪያው ገበያ በይፋ የተዘጋው በ1860ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። የጉሙዝ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲናገር ከደገኛውም ከሜዳውም ሸሽቶ ወደ ጫካ ስለመግባት መናገሩ አያስገርምም። የቋራና የመተማ ጉሙዞች ከሁሉም በፊት በዚያ ምድር የኖሩ ሆነው ሳለ በሁለቱም አገሮች ትረካ ውስጥ የሚገቡት ወይ እንደ ምርኮ ወይ እንደ "ነባር ብሔረሰብ" የአስተዳደር መዝገብ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍም ቢሆን ስለ እነሱ ያለውን የወሰደው ከሌሎች ሰዎች ብዕር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የገበያዋን ሚዛን የሰበሩት ጦሮች ናቸው። ግብፆች በ1860ዎቹ ጦር አሰፈሩባት። በሱዳን መሐዲ ሲነሣ፣ ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በአድዋ በተፈረመው የሂዌት ውል መሠረት፣ አፄ ዮሐንስ የተከበቡት የግብፅ ጦሮች በምድራቸው እንዲወጡ ተስማሙ፤ የገላባቱም ጦር በዚህ መንገድ ወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የሆነው ይታወቃል። በ1879 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ፤ በጥር 1880 የድርቡሹ አዛዥ አቡ አንጃ በሳር ውኃ እሳቸውን አሸንፎ ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ታላቁ ጦርነት ሆነ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከተማዋ ስንት ጊዜ እንደ ነደደች የሚዘግብ የለም፤ የሚቆጠረው የማን ጦር ማንን እንዳሸነፈ ነው። መተማ ዮሐንስ የሚለው ስም ራሱ የንጉሡን ሞት እንጂ የነዋሪዎቹን ዕጣ አያስታውስም።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን የፈረሙት ውል ብዙ ጊዜ የመሬት ውል ተብሎ ይነበባል። እንግሊዝን ያሳሰባት ግን ይልቁንም ውኃው ነበር። በዐባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ፍሰቱን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚለው ሦስተኛው አንቀጽ ነው እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው። የወሰኑ መስመር በአንጻሩ በችኮላ ተሠራ። በመሬት ላይ ያመለከተው ሜጀር ቻርልስ ጉዊን ነው፤ ያንንም እ.ኤ.አ. በ1903 ያለ ኢትዮጵያ ወኪል ነው ያከናወነው። ኢትዮጵያ "አብሬ አልሰፈርኩም" ስትል የቆየችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም የመተማው ጉዳይ ከሌላው ይለያል። እዚህ መስመሩ የገባው በአንድ ከተማ መካከል ነው። ክረምት የሚሞላ፣ በጋ የሚደርቅ አንድ ፈረፈር ወሰን ሆነ፤ ወዲህ ማዶ መተማ፣ ወዲያ ማዶ ገላባት ተባለ።

ከመስመሩ ሁሉ እጅግ የሚያስተምረኝ አንድ ትንሽ ዝርዝር አለ። ገላባት ለሱዳን ከተሰጠች በኋላም ቢሆን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከጉምሩክ ገቢዋ ግማሹን ትወስድ ነበር። አሮጌው የድርብ ግብር ሥርዓት የመንግሥት ማኅተም ለብሶ ቀጠለ ማለት ነው። በዚህ ወገን ደግሞ እስከ 1910ዎቹ አጋማሽ ድረስ የኑቃራው ሼህ ኢማም አብደላ በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር፣ ከማዶው ሹማምንት ጋር እየተደራደሩ አካባቢውን ገዙ። ፒተር ጋረትሰን ስለ እኚህ ሼህ የጻፈው ጥናት ሥርዓቱን የጠረፍ ፊውዳሊዝም ብሎ ይሰይመዋል። ስያሜው ግማሽ ልክ ነው። ፊውዳሊዝም አንድ የበላይ ጌታ ያስባል፤ የመተማ ሹም ችሎታ ግን ሁለቱን ጌቶች ሳያስቀይም መኖሩ ነበር።

የጣሊያን ወረራ ጊዜ በፍጥነት ይታለፋል። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራ የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ነጥቆ መተማን መያዝ አቅቶት ተመለሰ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት የገቡት ከዚያ ወደ ደቡብ ርቆ በኦሜድላ ነው።

ወሳኙ ለውጥ ሌላ ነው፤ ከወደ ምዕራብም ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማለቂያ እንግሊዞች የገዳሪፍን ዋልካ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ማሽላ፣ ቀጥሎም ሰሊጥ የሸፈነው የሜካናይዝድ እርሻ ከዓመት ዓመት ወደ ምሥራቅ ገፋ። በዚህ ወገን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሰቲት ሑመራ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ፤ ደርግ ወድቆ ገበያው ሲከፈት ደግሞ ሰሊጥ በአብደራፊ፣ በመተማና በቋራ ተስፋፋ። ሁለት የትራክተር ግንባሮች ሲቀራረቡ መካከላቸው የነበረው ሰፊ ደን፣ የጉሙዝና የከብት አርቢው መኖሪያ፣ የሁለቱም መንግሥታት ችላ ባይነት ያቆየው ክፍት ምድር፣ ጠበበ። ሁለቱ አገሮች የሚወዛገቡበት የጠረፍ እርሻ ምድር፣ የአል ፋሽቃ፣ ጉዳይ ሥሩ ይኸው ነው። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ የጉዊንን መስመር መነሻ አድርገው፣ በማዶው የሚያርሱትን ኢትዮጵያውያን ግን እስከ መጨረሻው መፍትሔ ባሉበት ለማቆየት ተስማሙ። ይህ ስምምነት መሬቱን ከሰው የሚለይ ነበር፤ ያረጀውን የመተማ ጥበብም ይመስላል። በ1987 ዓ.ም. መጨረሻ በሆስኒ ሙባረክ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የግድያ ሙከራ ተደርጎ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሲሻክር የኢትዮጵያ አራሾች በአል ፋሽቃ ይዞታቸውን አሰፉ። በ2013 መባቻ፣ የትግራይ ጦርነት በተነሣ በወሩ፣ የሱዳን ጦር ገብቶ አስወጣቸው። ኢትዮጵያ ወረራ አለችው፣ ሱዳን መልሶ መያዝ። ሁለቱም የሚጠቅሱት 1894ን ነው፤ ሁለቱንም እዚያ ያደረሳቸው ግን የሰሊጥ ማሳ ነው።

ሰሊጥ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ሲደርስ የፍሬው መያዣ ይከፈትና ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት በአጭር ጊዜ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ (የቆመ የነዶ ክምር) ሆኖ መድረቅ አለበት። ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይም የቀን ሠራተኛው በብዙ ሺዎች ወደ ቆላ የሚወርደው ለዚህ ነው። እዚያው ከርሞ የሚቀረው፣ በበረሃ የሚኖረው ሠራተኛ ሳሉግ ይባላል። በ1995 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል ደግሞ መንግሥት በሠፈራ ፕሮግራም ከመሬት ጥበት አካባቢዎች አባወራዎችን አውርዶ በመተማ፣ በቋራና በጠገዴ አሰፈረ። አንዳንዶቹ ሰፈሮች ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ መንደር 6፣ መንደር 7፣ መንደር 8 ተብለው ቀሩ። የሠፈራው ሰነድ ቆላውን "ሰፊና ለም መሬት" ብሎ ሲገልጽ የአሮጌውን አጥር ነገር አላነሣም።

አጥሩ ግን በሽታ ሆኖ ቆሞ ነበር። ወባን በመድኃኒትና በአጎበር መቋቋም ሲቻል ሌላው፣ ካላዛር፣ በጉልበት ሠራተኛው ላይ ወደቀ። ተሸካሚዋ የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች፤ የምትነክሰውም ሌሊት ነው። ሠራተኛው የሚያድረው ዛፍ ሥር ነው። ባለሀብቱ ግን ወይ ገንዳ ውኃ ወይ ጎንደር ነው የሚያድረው። በሑመራ በ1960ዎቹ የታየው ወረርሽኝ ወደ መተማ ወረደ፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ደጋ ላይ የፈነዳውም ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች እንደ መጣ ይታመናል። ከኤች አይ ቪ ጋር ሲደረብ ሕክምናው እጅግ ይከብዳል፤ በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የካላዛር ማዕከል የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው። የሰሊጥ ኩንታል ወደ ምርት ገበያ ሲገባ ዋጋው ውስጥ ይህ ሁሉ አይታይም። የቆላውን ኢኮኖሚ የሚያጠኑ ባለሙያዎች በአንድ በኩል ስለ ኤክስፖርት፣ ሐኪሞች በሌላ በኩል ስለ ተሐዋሲው ይጽፋሉ፤ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ሰው፣ ያንኑ ሠራተኛ፣ እንደሚገልጹ ግን አይተዋወቁም።

ስለ ባህል ሲጻፍ የተለመደው ጥያቄ "ከሱዳን ምን ወረስን፣ ምን ሰጠናቸው" የሚል ነው። ጥያቄው ራሱ መስመሩን አስቀድሞ ያሰምራል። የወይባ ጢስን ብንወስድ፣ የጎንደርና የትግራይ ሴት የምትሞቀው፣ የሱዳን ሙሽራም ዱኻን ብላ የምትሞቀው፣ ዛፉ በቆላው በሁለቱም ወገን የሚበቅል ነው። አንዱ ከአንዱ ወሰደ ከማለት ይልቅ ሁለቱም ከአንድ ዱር ለቀሙ ማለት ይቀላል። ቡናና ጀበናውም እንዲሁ ነው፤ ሱዳናውያኑ ዘፋኞች መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ ያለ አስተርጓሚ በአዲስ አበባ የተወደዱበት የአምስት ድምፅ ቅኝትም በሁለቱም አገር ቤት ያለው ነው። ከዚህ ይልቅ ጥናት የሚጠይቀው ልዩነቱ ነው። ቆላ የወረደ ደገኛ ታቦቱን፣ ማኅበሩንና የእርሻ ቀን አቆጣጠሩን ይዞ ይወርዳል፤ የሜዳው ሰው ግን ግመሉንና የሼሁን ቀን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። በገበያ ቀን የሚገናኙት ሁለት የተለያዩ የዓመት አቆጣጠሮች ናቸው።

ይህ ወሰን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሦስት ጊዜ ስደተኛ አሳልፏል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከጎንደርና ከቋራ የወጡ ቤተ እስራኤላውያንና ሌሎች ብዙዎች ወደ ገዳሪፍ ሄዱ፤ የኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ የታወቀው ያኔ ነው። በ2013 ዓ.ም. ያው ካምፕ ከትግራይ ለሸሹ ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ኻርቱም ላይ ውጊያ ሲፈነዳ ፍሰቱ ተገለበጠ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ከ60 በላይ አገሮች ዜጎች በመተማ በር ገቡ። ሱዳናውያኑ በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሰፈሩ። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያና ግንቦት መካከል፣ ዘረፋና ጥቃት ሲበዛባቸው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት ከአውላላ ወጥተው በመንገዱ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ፤ ወደ ጎንደር በእግር ለመውጣት የሞከሩትን ፖሊስ አስቆማቸው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ይሰጣል። ተክሩሪዎች በጊዜያቸው ያገኙት ፈቃድ ከዚህ አዋጅ ያጠረ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም፤ እነሱ ግን መሬት ቆርሰው ጥጥ ዘርተውበታል፣ የራሳቸውን ሹም ሾመውበታል፣ ገበያ አቁመውበታል።